«ዜማ፡ የሕዝብ»

በካሴት ዘመን ያደገ ሰው የልባሱን ጀርባ ማንበብ ያውቃል። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ባንዱ እገሌ። ፊደሏ ከጤፍ ታንሳለች፤ ቢሆንም እናነባት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ስም ይደጋገማል፦ «ዜማ፡ የሕዝብ»። ኮልፌ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቀልደኛ ጎረቤት ነበረን። «ይሄ ሕዝብ የሚባል ሰውዬ ይሄን ሁሉ ዜማ ሲሠራ ምነው አንድ ቀን እንኳን ቴሌቪዥን ቀርቦ ቃለ መጠይቅ አልሰጠ?» ይል ነበር።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ጥያቄው ግን የምር ነው። «የሕዝብ ነው» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ከረጢት ውስጥ ጨምረን ነው የምንናገረው። አንደኛ፣ ደራሲው አይታወቅም። ሁለተኛ፣ የሁላችንም ነው። ሦስተኛ፣ የማንም አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ዕውቀታችን ወሰን የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ፍቅራችን፤ ሦስተኛው ስለ ንብረት። አንዱ ከሌላው አይወለድም። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ይዋለዳሉ፦ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም፣ ስለዚህ ልውሰደው፤ ከወሰድኩት ወዲያ ደግሞ የኔ ነው። ይህን ሰንሰለት ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። በዝምታ ሲሠራበት ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን አካሄድ ቶሎ ይነቃበታል። ከብቶችህ መሀል ባለቤቱ ያልታወቀ ወይፈን ተቀላቅሎ ቢገኝ «ባለቤቱ አይታወቅም፣ ስለዚህ የኔ ነው» አትልም። ታስጠይቃለህ። ገበያ ላይ ይነገራል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይነገራል። ሳያስነግር ዝም ብሎ ያኖረውን ሰው አገሬው «ዕድለኛ» አይለውም፤ ሌላ ስም አለው። እዚያ አገር አለመታወቅ መብት አይሰጥም፤ ግዴታ ነው የሚያመጣው።

«ዜማ ግን ወይፈን አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ወይፈኑን ስትወስድ ባለቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዜማውን ስትወስድ ግን ባለቤቱ ነገም ያንኑ ያንጎራጉራል፣ ምንም አልጎደለበትም። ይህን ክርክር ቀላል አድርጌ አላየውም፤ እመለስበታለሁ።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የራሱ አንቀጾች ነበሩት፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መጣ። አዋጁ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ምሰሶው ደራሲ ይባላል። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል። ጥሩ ነው፤ ለዘመኑ ዘፋኝና ገጣሚ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ እሹሩሩን መጀመሪያ ያዜመችው እናት መቼ ሞተች ተብሎ ነው ሃምሳው ዓመት የሚቆጠረው?

በዚህ ጉዳይ የአየርላንዶች ልማድ ይገርመኛል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ ቁጥሩ በፈረንጆቹ ነው።) ታይታኒክን ያየ ሁሉ፣ ማለትም በ1990ዎቹ መጨረሻ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ፣ ጃክ ሮዝን ይዟት ሦስተኛ ማዕረግ ወርዶ የሚጨፍሩበትን ሙዚቃ ሰምቷል። እዚያ ውስጥ ከሚጫወቱት ዜማዎች አንዱ «የጆን ራያን ፖልካ» ይባላል። ፖልካን የአየርላንድ የጥንት የጠዋት ነገር አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። ግን አይደለም። ባለሁለት ምቱ ፈጣን ዳንስ የተወለደው ቦሄሚያ፣ ዛሬ ቼክ በምንለው አገር፣ በ1830ዎቹ ነው። ከፕራግ ፓሪስ ገባ፤ በ1844 ግድም ፓሪስ በፖልካ አበደች፤ ከዚያ በየአዳራሹ ተሰራጭቶ በዚያው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ደረሰ። ከትላልቅ ከተሞች አዳራሽ ፋሽኑ ሲያልፍ፣ ኮርክና ኬሪ የሚባሉት አውራጃዎች የሚዋሰኑበት ሽሊቭ ሉክራ የተባለ ደጋማ ገጠር ግን ያዘው፣ አልለቅም አለ። ዛሬ ፖልካ ሲባል የአየርላንድ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የሚጫወቱበት አኮርዲዮንም ቢሆን በ1829 ቪየና ውስጥ የተመዘገበ መሣሪያ ነው። (የእኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ተቀምጦ የኢትዮጵያን ዜማ በዚያው አኮርዲዮን ሲቀዳ ለኛ ጆሮ የአገር ቤት ድምፅ መሰለን። መሣሪያ ዜግነት ለመቀየር ቪዛ አይጠይቅም መሰለኝ።)

እኔን የሚገርመኝ ግን አወጣጡ ሳይሆን ስሙ ነው። አየርላንዶች ደራሲው ያልታወቀን ዜማ «የሕዝብ» ብለው ብቻ አይተዉትም። ብዙ ጊዜ የሚሰይሙት በተማሩበት ሰው ስም ነው። የዴኒስ መርፊ ፖልካ የሚባለው ዴኒስ መርፊ ስለደረሰው አይደለም፤ ሌላው ሰው ከዴኒስ መርፊ ስለሰማው ነው። ዴኒስና እህቱ ጁሊያ ክሊፎርድ ቫዮሊን የተማሩት ከፓድሪግ ኦኪፍ ነው። ኦኪፍ የመንደር ትምህርት ቤት መምህርነቱን ትቶ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1963 ድረስ በዚያ ደጋ ከቤት ቤት በእግሩ እየዞረ ዜማ ያስተማረ ሰው ነው። ለየተማሪው በወረቀት ላይ በራሱ ምልክት ጽፎ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለው አገር ላይ «ይሄን ከማን አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ የወግ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሌለው ተጫዋች ትንሽ ያፍራል። በፍጹም ስም የታጣለት ዜማ ሲገኝ ደግሞ በቋንቋቸው «ስም የለውም» ብለው ይጽፉበታል። «የሕዝብ ነው» ከማለት «ስም የለውም» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱ ጉዳዩን ይዘጋዋል፤ አንዱ ክፍት ይተወዋል።

ይህ ልማድ ግን ፍጹም አይደለም። በሰው ስም የተጠራ ዜማ በጊዜ ብዛት የዚያ ሰው ድርሰት ይመስላል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት አሥርና ሃያ ሰዎች ይሰረዛሉ። ደግሞስ ስሙ የሚቀረው የማን ነው? ቀጂውና ሰብሳቢው ደጃፉ የደረሰለት ሰው ነው። ፍራንሲስ ኦኒል የሚባል የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ በ1903 1,850 ዜማ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከስደተኛ ወገኖቹ፣ ከራሱ ፖሊሶች ጭምር የሰበሰበው ነው። ቺካጎ ያልደረሰ፣ ፖሊስ ያልሆነ፣ ማጀት ውስጥ የምታንጎራጉር ሴት ደግሞ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የመግባት ዕድሏ ያንኑ ያህል ጠባብ ነው። ስለዚህ በስም መጥራትም የራሱ አድልዎ አለው።

ወደኛ ስንመጣ የዜማ አሰያየማችን ሌላ ጠባይ አለው። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ። ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፣ ሁለቱም ወሎ፤ አንዱ የስሜት ስም ነው፤ አንዱ ጥሪ ነው። አንድም የሰው ስም የለም። ባቲን ባቲ ገበያ ላይ መጀመሪያ የተጫወተው ማሲንቆ መቺ ማን ነበር? ገበያው ስሙን ወሰደና ሰውየውን መለሰው። ይህ የሆነው ስም ማስታወስ ስለማንችል አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲፈልግ ያስታውሳል፤ ዜማውን ሁሉ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፣ ከእሱ በታች ደግሞ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት ብሎ የትኛው ቤት እንዳዜመው ለይቶ ያውቃል። የድጓ መምህር ከማን እንደተማረ ሳይጠየቅ ወንበር አይዘረጋም። በመስጊዱም በኩል እንዲሁ ነው፤ ኮልፌ ውስጥ መንዙማ ሲባል እያደመጡ የሚያድሩ አባቶች የሼህ ጦልሃን ከሌላው ለይተው ይነግሩሃል። በገናን ያየን እንደሆነ ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እንደተማረ ደጋግሞ ይናገራል። እና ስናከብር ስም እንይዛለን። የማንይዘው መቼ ነው?

መልሱ ደስ አይልም። ዜማውን እየወደድን ሰውየውን ስንንቅ ነው። «አዝማሪ» ስድብ በነበረበት አገር፣ ሰው ማታ ማታ እያስዘፈነ፣ «ተቀበል» እያለ ግጥም እየሰጠ፣ ብር ግንባሩ ላይ እየለጠፈ፣ ጠዋት ልጁን ለአዝማሪ ልጅ መዳር አይፈልግም ነበር። ለዘፈኑ ቤት አለ፣ ለዘፋኙ የለም። እንዲህ ባለ አገር «የሕዝብ ዜማ» የሚለው ቃል ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ዜማውን ካመጣው ሰው እጅ አጥቦ መቀበያም ነው።

ከዚህ ጋር ፉከራን ማስተያየት ጥሩ ነው። ፉከራ ስም ነው። ፎካሪው ራሱን ይጠራል፣ ፈረሱን ይጠራል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ ነው ታሪክ ውስጥ የገቡት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያዞረው እንኳን ያ ሰው-ነኝ-ባይነት ከድምፁ አልጠፋም፤ ሳክስፎኑ እየፎከረ ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል ከስም በቀር ምንም የሌለበት ዜማ አለን። በሌላው ጫፍ ደግሞ ዘፋኙ ፈጽሞ ስም የሌለው፣ ግን ውስጡ በስም የተሞላ ዜማ አለን። እሱ የላሊበሎች ነው።

ላሊበሎችን የማያውቅ ወጣት ዛሬ አይጠፋምና በአጭሩ ልንገር። አንዳንድ አገር አሚና ይሏቸዋል። ጎህ ሳይቀድ፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ በየደጃፉ ቆመው ያዜማሉ። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይቀበላል። ከሁሉ በፊት ግን ቀስ ብለው ከጎረቤት ወይ ከዘበኛ የባለቤቱን ስም ይጠይቃሉ። ከዚያ ያ ስም ዜማው ውስጥ ይገባል፤ እንቅልፍ ላይ ያለኸው ሰውዬ ስምህ እየተጠራ፣ እየተወደስክ ትነቃለህ። ከሰጠህ ምርቃቱ ይዘንባል፤ ካልሰጠህ የምትሰማውን አንተ ታውቃለህ። ፀሐይ ስትወጣ የሉም። የሚያዜሙበት ምክንያት ደግሞ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እምነት ነው፤ ከዘራቸው የሥጋ ደዌ አለ፣ ይህን ማለዳ ማዜም ያቋረጠ ሰው በሽታው ይወጣበታል ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ቸግሮት የሚዞር አይደለም፤ አገር ቤት መሬትና በሬ ያለው ገበሬም አለበት። ልመና ይመስላል እንጂ ስእለት ነው ቢባል ይቀላል።

አሁን ይህን ዜማ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ስማው። ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እዚያው ላይ በ1965 አለርት ተመሠረተ፤ ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ እንዲሆን የታሰበ ተቋም ነው። ድነው ጠባሳው የቀረባቸው ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዙሪያው ሰፈር መሥርተው ይኖራሉ። በዚያው ግቢ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም አርማወር ሐንሰን ይባላል፤ በ1873 የበሽታውን ተሕዋስ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም ነው። በሽታው ተሕዋስ እንጂ እርግማን እንዳልሆነ ካወቅን 150 ዓመት አለፈን፤ በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ላይ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ካዘዘ ወዲህ ደግሞ የሚድን በሽታ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሆስፒታሉ አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሽታውን በዜማ የሚያስቀሩ ባልና ሚስት ይቆማሉ። እዚህ ሰፈር የልዕልት ስም አለ፣ የሐኪም ስም አለ። የእነሱ የለም።

አንድ አቀናባሪ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ እኛ ሰፈር አድሮ እነሱን ሰማ። በስልኩ ቀዳ። ከዚያ ቤቱ ወስዶ ምት ጨመረበት፣ ቤዝ ጨመረበት፣ አንዲት ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ አዲስ ግጥም አዘፈነበትና አወጣው። ጎበዝ ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ። ከሥሩ የጻፈውን መቼም ታውቁታላችሁ፦ «ዜማ፡ የሕዝብ»።

እዚህ ላይ ነው ያቺ «ምንም አልጎደለበትም» የምትለው ክርክር የምትፈተነው። በሚቀጥለው ዓመት ባልና ሚስቱ መጥተው ደጃፋችን ቆመው ማዜም ሲጀምሩ፣ የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ከአልጋው ተነስቶ ወደ መስኮት ሮጠና «እማዬ! የቲክቶኩን ዘፈን እየዘፈኑ ነው!» አለ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ግን ያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ነገር ቦታ ቀይሯል። ሰዎቹ በራሳቸው ዜማ ውስጥ አስመሳይ ሆኑ። ዜማው ከአፋቸው አልተወሰደም፣ እውነት ነው፤ የተወሰደው ምንጭ መሆናቸው ነው። ወይፈኑ እበረቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ብቻ ምልክቱ ተቀይሮ ሰው ሲያየው የሌላ ሰው ወይፈን ነው የሚመስለው። እንዲህ ዓይነት ጉዳት በብር አይለካም፤ ስለዚህ አዋጁም አያየውም። ለዚህ ነው «ማን ባለቤት ነው» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከማን ሰማኸው» የሚለው የተሻለ ጥያቄ የሚመስለኝ። ባለቤቱን ላናውቅ እንችላለን። ከማን እንደሰማን ግን ሁልጊዜ እናውቃለን። «አላውቅም» የማይባልበት ጥያቄ ነው።

ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ስነግረው ደነገጠ። ሙሉ አልበም ሊያወጣ እየተዘጋጀ ስለነበር፣ አልበሙ ላይ የሚገባውን ጽሑፍ ደግሞ እኔ እንድጽፍለት ጠይቆኝ ስለነበር፣ «በቃ ስማቸውን እንጽፋለን፣ ድርሻቸውንም እንሰጣለን» አለ። ለዘበኛው ነግረን ጠበቅናቸው። መጡ። ወዳጄ አክብሮ ቀርቦ «እናቴ፣ አባቴ፣ ስማችሁን ማን ልበል?» አላቸው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «የኛን ስም ምን ያደርግልሃል ልጄ? የራስህን ንገረን እንጂ» አለችው። ለምን እንደፈለገው ቢያስረዳ ሰውየው ዝም ብሎ ሰማውና «ልጆች ድረናል» አለ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም፤ አላስፈለገም። አማቾቹ አያውቁም ማለቱ ነው። ስማቸው አልበም ላይ ቢወጣ የሚዳረው ልጅ፣ የተዳረችው ልጅ ምን እንደሚደርስባቸው እነሱ ያውቃሉ፤ እኛ ከኮልፌ አስፋልት ላይ ሆነን አናውቅም።

ወዳጄ ያዘጋጀውን ገንዘብ በፖስታ ሰጠ። ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ሰውየው ሳያየው ተቀበለና፣ አሁን የነገርናቸውን የወዳጄን ስም ዜማው ውስጥ አግብተው ሁለቱም አዜሙለት፤ መረቁት። ወዳጄ እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሳ ፊቱ ይቀየራል። «ዕዳ ልከፍል ሄጄ ተመርቄ ተመለስኩ» ይላል።

ብዙ ያሰብኩበት ይህ ነጥብ ነው። ዕዳና ምጽዋት በእጅ ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ብር ናቸው። የሚለያያቸው ማን ለማን ባለውለታ እንደሆነ የሚናገረው ቃል ነው። እኛ ዕዳ ይዘን ሄድን፤ በዚያ ደጃፍ ላይ ግን ምጽዋት ተቀባይ የሚባል አንድ ቦታ ብቻ ነው ለእነሱ የተዘጋጀው። ከዚያ ቦታ ሳይወጡ መቀበል የሚችሉት እንደ ስጦታ ብቻ ነው። የበለጠ ሲሰጡህ የበለጠ ትመርቃለህ፤ ባለዕዳውን ቸር ታደርገዋለህ። ምናልባት እነሱ ከኛ የበለጠ ገብቷቸዋል የሚል ሰው አለ፤ ለእነሱ ዜማው የተከፈለው ለበሽታው ነው፣ ከኛ ጋር ምንም ሒሳብ የላቸውም ይላል። እኔ በዚህ ግማሽ ብቻ እስማማለሁ። ስእለታቸው ከፈጣሪ ጋር ነው፤ ዜማውን ቆርጦ ወደ ገበያ ያወጣው ግን ወዳጄ እንጂ ፈጣሪ አይደለም።

ታዲያ ስማቸውን አትጻፉ ሲሉን ምን እናድርግ? ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም ያማል። ስማቸውን ብንጽፍ ክብር ልንሰጥ ብለን ልጆቻቸውን እናጋልጣለን፤ የሰውን «አይሆንም» የሚረግጥ ክብር ክብር አይደለም። ባንጽፍ ደግሞ እንዲደበቁ ያደረጋቸው የኛው ንቀት ነውና፣ «እነሱ ራሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት» ብለን ተመልሰን «የሕዝብ» ወደሚለው ምቹ ወንበር እንሄዳለን። እምቢታቸው ነፃ ምርጫ ነው ወይስ የተገደዱበት? ሁለቱም ይመስለኛል። ሙሾ የምታወጣ ሴት ስሟ እንዲጻፍ አትፈልግም፤ እሷ ግን የማትፈልገው ለቅሶው የሟቹ ስለሆነ ነው። እዚያ ስም ማጣት ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ፍርሃት አለበት። ሆኖም የተፈራው ነገር እስካለ ድረስ ፍርሃቱን የማክበር ግዴታ አለብን፤ ንቀቱ ከአገር እስኪጠፋ ድረስ የእነሱን ልጆች መያዣ ማድረግ አንችልም።

እኔ ለወዳጄ የጻፍኩለት ስም የሌለበት፣ ግን «የሕዝብ» የማይል ነው። ዜማው ኮልፌ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ማለዳ እየዞሩ ከሚያዜሙ ባልና ሚስት ላሊበሎች የተሰማ መሆኑን፣ ስማቸው እንዲወጣ ያልፈቀዱ መሆኑን፣ ከገቢው ድርሻ እንዳላቸው የሚናገር ሁለት መስመር ነው። ወዳጄ መጀመሪያ ተከራከረኝ። «ላሊበላ ብዬ ከጻፍኩ ማን ሠርጉ ላይ ይከፍተዋል?» አለ። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን መፍራቱ ራሱ፣ ሰውየው «ልጆች ድረናል» ያለው ነገር ምን እንደሆነ አስረዳው መሰለኝ፤ የሁለቱ ፍርሃት አንድ ነው፣ ልዩነቱ አንዱ የሚያጣው ሽያጭ፣ ሌላው የሚያጣው አማች መሆኑ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ «ይሁን፣ ግባ» አለኝ። ድርሻው በየዓመቱ ሲመጡ በፖስታ ይሰጣቸዋል። ምርቃቱን ማስቀረት አልቻልንም።

ከዚያ ወዳጄ ሌላ ጥያቄ አመጣ። አልበሙ ላይ ሌሎች አምስት ዘፈኖች አሉ፣ አምስቱም «ዜማ፡ የሕዝብ» የሚሉ። «እነሱንስ?» አለኝ። «ከማን ነው የሰማኸው?» አልኩት። አንዱን ከሬዲዮ፣ የቱ ዘፋኝ እንደሆነ ይታወቃል፣ ይጻፋል። ሁለቱን ሠርግ ቤት፣ አየር ጤና፣ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ይጠየቃሉ። አንዱን ጓደኛው ያንጎራጉረው ነበር፣ ጓደኛው አሜሪካ ነው፣ ተደወለለት፣ እሱም ከእናቱ ነው የሰማው። የመጨረሻው የሠርግ ዜማ ቤቴል ከሚኖሩት አክስቱ ነው። አክስቱ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፤ የአባታቸው ብቻ ሳይሆን የአያታቸውም ጭምር።